በትኩሱ የወጣው ዱቄት

ጥቅምት 8

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ?

ለጠየቁኝ ሁሉ በየተራ ልመልስ፤ አንዱን ብዘለው በሚቀጥለው ደብዳቤ እንደሚደግሙት አውቃለሁ። አዎ፣ እበላለሁ። አዎ፣ ክፍሌ መስኮት አለው፤ የሚያሳየኝ ግን የጎረቤትን ግድግዳ ነው። ብርድ ልብሱም በቂ ነው። አብራኝ የምትማር ልጅ "ለአጎትሽ ለምን አትደውዪም፣ በዚህ ዘመን ማን ደብዳቤ ይጽፋል?" ትለኛለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጡብ ፋብሪካ ውስጥ ከጭቃ መፍጫው ማሽን አጠገብ የቆመ ጆሮ ከስልክ ጋር ከተኳረፈ ቆይቷል አልኳት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደጉኝ እርስዎ ስለሆኑ ግማሹን ያደነቆረው የእኔ ለቅሶ ነው ብዬም ጨመርኩላት።

ሥራሽን በሰው ቋንቋ ጻፊልኝ ብለውኛል። ፌራይት የሚባል ዱቄት እሠራለሁ። ብረትና ማግኒዥየም ያለበት፣ ቡናማ፣ ሲያዩት ከጡብ ብናኝ የማይለይ ነገር ነው። ቅንጣቱ ግን እጅግ ትንሽ ናት፤ ሺውን ጎን ለጎን ቢደረድሯት የአንድ ፀጉር ውፍረት አትሞላም። ሚጢጢ ብለው ስም ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት፣ ሥራዬም እንደ ስሜ ሆነ። ይህ ዱቄት ከጨርቅ ማቅለሚያ ቤት በሚወጣ ቆሻሻ ውኃ ውስጥ ሲበተን ቀለሙን ይይዛል። ከዚያ ከውጭ ማግኔት ሲያስጠጉለት ቀለሙን እንደያዘ ወደ አንድ ጎን ይሰበሰብና ውኃው ይጠራል። ችግሩ ማግኔቱ በደንብ የሚስበው ዱቄቱ በቂ እሳት ካየ ብቻ ነው። እሳት ካነሰው ማግኔት አጠገቡ ቆሞ እሱ ያንቀላፋል። እሳት ከበዛበት ደግሞ ቅንጣቶቹ ያድጉና እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ቀለም የሚይዙበት ቦታ ያጥራቸዋል። እኔ የምፈልገው መሃሉን ነው።

ለአሥራ አራት ተማሪ ያለን እቶን አንድ ነው። ስፋቱ ከዳቦ ካርቶን አይበልጥም፣ እርስዎ ቢያዩት ይስቁበታል። የተራ ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ዛሬ አንድ ማንኪያ ዱቄት ስምንት መቶ ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት አቆየሁ። ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ልጅ ደቂቃ እንለዋለን፣ ቀጠሮው ላይ አንድ ደቂቃ ስለማያሳልፍ። እቶኑ ገና ሳይበርድ በሩን እያንኳኳ "ተራዬ ደርሷል" አለኝ። ብጨቃጨቀውም አልቻልኩትም። የሸክላ ኩባያዋን ቀይ እንደሆነች በጉጠት አውጥቼ ጡብ ላይ አስቀመጥኳት፤ በዚያው የጓንቴ አውራ ጣት ተቃጠለ። የእኔ ጣት ደህና ነው። አሳፍሮኝ ለማንም አልተናገርኩም፣ ደብተሬም ላይ አልጻፍኩትም። ለእርስዎ ብቻ ነው የነገርኩት።

ሚጢጢ


ጥቅምት 21

ሚጢጢ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ጣቴ ደህና ነው ብለሽ ባትጽፊ ኖሮ አውቶቡስ ተሳፍሬ እመጣ ነበር። እንዲያውም ቦርሳዬን ሳነሳ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አየችኝና "እዚያ ድረስ ሄደህ እቶን ልትቆጣ ነው?" ብላ አስቀረችኝ። እንግዲህ ቁጣዬን በጽሑፍ ተቀበዪ።

እሳት ካየው ምን ለየው የሚሉ ሰዎች አሉ። እነሱ የሚያወሩት ስለ ምግብ ነው። በጡብ ሥራ ማሞቅ ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ ማብረድ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ሳለሁ አለቃዬ ሳያይ እቶኑን ግማሽ ቀን አስቀድሜ ከፈትኩ፤ የጭነት መኪናው ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ንፋሱ ሲገባ አራት ሺህ ጡብ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ሲሰነጠቅ ሰማሁ። ያኔ ጆሮ ነበረኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ እኔ ግን የምለቅመውም አልተረፈኝም። አለቃዬ ስባሪውን በጋሪ እያመላለስኩ እንዳወጣ አደረገኝ፣ ሦስት ቀን ሙሉ። ከዚያ ወዲህ እስከ ጡረታዬ በትኩሱ የከፈትኩት እቶን የለም።

ስለዚህ ቃል ግቢልኝ። ከእንግዲህ እቶኑ በራሱ ጊዜ እስኪበርድ ድረስ በሩን አትነኪም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ደቂቃ ለምትሉትም ልጅ "አጎቴ ሰዓትህን ይፈልገዋል" በዪልኝ።

በአፍ ሳይሆን በጽሑፍ እፈልገዋለሁ፣ ቃልሽን።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 2

ጋሼ፣

ቃሌን በጽሑፍ ከላክሁልዎ በኋላ እንዴት አድርገሽ ትጠብቂዋለሽ ብለው መጠየቅዎ ትንሽ አስቀይሞኛል፣ ግን ልንገርዎ። የሳምንቱን የመጨረሻ ተራ ለራሴ አደረግሁት። ዓርብ እቶኑን አጠፋለሁ፣ የምከፍተው ሰኞ ጠዋት ነው። ስከፍተው ኩባያዋ እንደ እጄ ቀዝቅዛ ትጠብቀኛለች። ደቂቃ ራሱ "አንቺ ድንጋይ ነሽ እንዴ፣ እንዴት ትታገሺዋለሽ?" ይለኛል። አጎቴ ነው ያስተማረኝ እለዋለሁ።

ሥራዬን ስለሚመሩት ስለ ፕሮፌሰሯ ለጠየቁኝ፦ አዎ፣ አመስግነውኛል። ያ ጓንቴን የበላው የጥቅምቱ ዱቄት ተለካ። የማግኔት ኃይሉ በመለኪያችን ሠላሳ አምስት መጣ። ክፍላችን ውስጥ በዚህ ዱቄት ከሃያ አምስት ያለፈ ሰው አልነበረም። ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው ወረቀቱን እንደገና አዩት። "ይህን ድገሚልኝና እንጽፈዋለን" አሉኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ ደረጃውን ስወርድ ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ነበር።

የቀሩት ዱቄቶችሽ እንዴት ናቸው ላሉት፣ ደህና ናቸው። ትንሽ ቀስ ይላሉ።

እርስዎስ? ስለ ራስዎ አንድ መስመር ጽፈው ሌላውን ሁሉ ስለ እኔ ነው የሞሉት።

ሚጢጢ


ታኅሣሥ 19

ሚጢጢ፣

መልሴ የዘገየው ብዕሩ አስቸግሮኝ ነው። መስመሩም የተጣመመው በእሱ ምክንያት ነው። የክፍሉ አምፖልም ደክሟል፣ እለውጠዋለሁ እያልኩ ነው።

ስለ ራስዎ ይጻፉ ካልሽኝ፣ የምጽፈው አንድ የሚያስቅ ነገር አለኝ። ፋብሪካው አዲስ እቶን አስገብቷል፣ ሙቀቱን በስክሪን የሚያሳይ። ባለፈው ሳምንት ወጣቶቹ ጠርተውኝ "ጋሼ፣ ስክሪኑን ሳያዩ በማያ ቀዳዳው ብቻ አይተው ይንገሩን" አሉኝ። ድሮ በዚያች ቀዳዳ ቀለሙን አይቼ በሃያ ዲግሪ ብሳሳት ነው። አየሁና "ገና ነው፣ አልደረሰም" አልኩ። በስክሪኑ ግን ከደረሰ ሰዓት አልፎታል። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ስክሪኑ ሊሆን ይችላል የተሳሳተው።

ሠላሳ አምስትሽን ለልብስ ሰፊዋ ነገርኳት። "ከስንት?" አለችኝ። ከሃያ አምስት ብላት "ታዲያ እንዴት አለፈው?" አለችና ግራ ገባት። አንቺ ስትመጪ ታስረጃታለሽ።

የቀሩት ትንሽ ቀስ ይላሉ ያልሽው ምን ማለት ነው? አንቺ ትንሽ ያልሽው ነገር ሁሌ ትንሽ ሆኖ አያውቅም።

አጎትሽ


ጥር 6

ጋሼ፣

ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ። ይህን ሳልቀድ ልላከው።

ሠላሳ አምስቱ አልተደገመም። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ጊዜ ሠርቻለሁ። በስምንት መቶ፣ በሰባት መቶ ሃምሳ፣ በዘጠኝ መቶም ሞከርኩ። ከሃያ አራት ያለፈ የለም። ውኃውን ቀየርኩ፣ ሚዛኑን አስፈተሽኩ፣ የመጀመሪያው ቀን የተጠቀምኩበትን የኬሚካል ጠርሙስ ከመጋዘን አስፈልጌ አስመጣሁ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው የሆነብኝ። ፕሮፌሰሯ ባለፈው ሰኞ ደብተሬን ጠየቁኝ። የጥቅምት 8ን ገጽ ገልጠው ለረጅም ጊዜ አዩት። "ስምንት መቶ ዲግሪ፣ ሁለት ሰዓት" ይላል፣ ሌላ የለም። "ይህ ቁጥር ከየት መጣ?" አሉኝ። ቁጣ አልነበረውም ድምፃቸው፣ የከፋኝም እሱ ነው።

የትምህርት ክፍሉ ጉባኤ የካቲት 18 ይቀመጣል። እስከዚያ ካልደገምኩት ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል። ቦታውስ ይሁን። ቁጥሩን ፈጥራ ጻፈች የሚል ወሬ በኮሪደሩ አለ፤ ስገባ ጨዋታ ይቆማል። ጋሼ፣ እኔ አልፈጠርኩም። ለእርስዎ መማል እንደማያስፈልገኝ አውቃለሁ፣ ግን መጻፍ አስፈለገኝ።

ሳልነግርዎ በመቅረቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ፦ ፊደሎችዎ ለምን አደጉ? ያለፈው ደብዳቤ ላይ አንድ መስመር ሦስት ቃል ብቻ ነው የያዘው። ብዕር እንዲህ አያደርግም።

ሚጢጢ


ጥር 17

ሚጢጢ፣

ይህን የምትጽፍልኝ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ እኔ እየነገርኳት። መስኮት እጄ ላይ ተዘጋብኝ፣ ብዙ አይደለም፣ ለጊዜው ብዕር መያዝ አቃተኝ።

ያልፈጠርሽው መሆኑን እንድታስረጂኝ አትድከሚ። በልጅነትሽ ስኳር ሰርቀሽ አፍሽን ሳትጠርጊ መጥተሽ "አልበላሁም" ያልሽኝ ልጅ ነሽ፤ መዋሸት አትችዪም። ቁጥሩ መጥቶ ከነበረ የሆነ ነገር አምጥቶታል። ያን ቀን ያደረግሽውን ከማለዳ ጀምረሽ አንድ በአንድ ጻፊልኝ።

አጎትሽ

እኔ ነኝ አሁን፣ ልብስ ሰፊዋ። እሱ ፖስታ ሊፈልግ ጓዳ ገብቷል። እጁ ምንም አልሆነም፣ ልጄ። ዓይኑ ነው። በሁለቱም የዓይን ሞራ ወጥቶበታል፤ ሐኪሙ ዕድሜ ልኩን በዚያች ቀዳዳ እሳት ሲያይ የኖረ ሰው ይህ ያገኘዋል ብሎታል። ከኅዳር ጀምሮ ደብዳቤዎችሽን የማነብለት እኔ ነኝ። በቀላል ቀዶ ጥገና ይገፈፋል ተብሏል፣ እሱ ግን እሺ አላለም። "ባይሳካስ? የቀረችኝን ብርሃን ላጥፋ?" ይላል። ለአንቺ እንዳልነግር አስምሎኛል። እኔም ማልኩ፤ መማል እንጂ መጠበቅ አልሆነልኝም። መጣ፣ ላብቃ።


ጥር 25

እትዬ፣

ይህን ገጽ አያንብቡለት። ሁለተኛው ገጽ የእሱ ነው።

ስለነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያሳደገኝ ሰው እየጨለመበት እኔ ስለ ዱቄት ስጽፍለት ነበር።

ወስኛለሁ። ጉባኤው ካሰናበተኝ አልከራከርም፣ ጓዜን ይዤ እመጣለሁ። ዓይን እሆንለታለሁ፤ አነብለታለሁ፣ መንገድ አሻግረዋለሁ። እውነቱን ከፈለጉ፣ እትዬ፣ ደክሞኛል። እቶኑን ሰኞ ጠዋት ስከፍት እንዲሳካ ሳይሆን እንዲከሽፍና እንዲያበቃልኝ የምመኝበት ቀን አለ። ይህን ለሌላ ሰው አልተናገርኩም። እሱ ቢሰማ ልቡ ይሰበራል፤ ስለዚህ እባክዎ እዚህ ላይ ይዝለሉት።

ጋሼ፣

እጅዎ ላይ ስለተዘጋው መስኮት ሰምቻለሁ። እስኪድን ልብስ ሰፊዋን አያድክሙ።

ያን ቀን ያደረግሁትን ጠይቀውኛል። ደብተሬ ላይ ያለው ይኸው ነው። ጠዋት የብረቱንና የማግኒዥየሙን ጨው መዘንኩ፣ በውኃ አሟሟሁ፣ አማሰልኩ፣ አደረቅሁ፣ በሙቀጫ አላምኩ። አንድ ማንኪያ ኩባያዋ ውስጥ አደረግሁ። ስምንት መቶ ዲግሪ፣ ሁለት ሰዓት። ከዚያ ወዲህም ያደረግሁት ያንኑ ነው። የተለወጠ ነገር ቢኖር ጥንቃቄዬ ነው፤ እሱም ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ደህና ነኝ። አይጨነቁ።

ሚጢጢ


የካቲት 3

ሚጢጢ፣

ልብስ ሰፊዋ፣ የምናገረውን ሁሉ ሳታሳምሪ ጻፊ።

መጀመሪያ፦ ዓይኔ ነው እንጂ እጄ አይደለም። "እጅዎ ላይ ስለተዘጋው መስኮት ሰምቻለሁ" የሚለውን ስታነብልኝ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ስለዚህ ነግራሻለች። ተቆጥቻት ነበር፣ አሁን ታርቀናል። ስለደበቅሁሽ ይቅር በዪኝ።

ሁለተኛው ይበልጣል። የላክሽው ዝርዝር አላረካኝም። ደብተር የሚይዘው የሰው ልጅ ሳያፍር የሚጽፈውን ነው። ስለዚህ ደብዳቤዎችሽን የማስቀምጥበትን የሸሚዝ ካርቶን አወረድኩና ልብስ ሰፊዋን ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢልኝ አልኳት። በራሴ ዓይን ባነበው ኖሮ ዘልዬ አልፈው ነበር፤ ሲነበብልኝ ግን መዝለል አልቻልኩም። የመጀመሪያውን እያነበበች "ኩባያዋን ቀይ እንደሆነች በጉጠት አውጥቼ ጡብ ላይ አስቀመጥኳት" የሚለው ላይ ስትደርስ "ቁሚ" አልኳት። ቀኑን ጠየቅኋት። ጥቅምት 8 ነው አለች።

ሚጢጢ፣ ከዚያ በኋላ ከሠራሻቸው ዘጠኝ በትኩሱ ያወጣሽው አለ? መልሱን አውቀዋለሁ። የለም። ቃል ስላስገባሁሽ የለም። ማብረድ ግማሹ ነው ብዬ የጻፍኩልሽ እኔ፣ ያን ግማሽ የለወጥኩብሽም እኔ ነኝ። ጡብ ምን እንደሚወድ አውቃለሁ። ያንቺ ዱቄት ምን እንደሚወድ ግን ከየት አውቄ? አንድ ማንኪያ ብናኝ ምን አለው የሚሰነጠቅ? አራት ሺህ ጡብ ሰብሬ የተማርኩትን ትምህርት ሳልጠየቅ አንቺ ላይ ጫንኩት። ዘጠኝ ሰኞ ያባከንሽው፣ ኮሪደር ላይ አንገትሽን የደፋሽው በእኔ ጥፋት ነው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

እንደምትፈሪ አውቃለሁ፣ ባይሳካስ ብለሽ። እኔም ያንኑ እያልኩ ሐኪሙን ሦስት ወር አስጠብቄዋለሁ። እንግዲህ እንማማል። አንቺ እቶንሽን በትኩሱ ክፈቺ፤ እኔ ዓይኔን አስከፍታለሁ። ቀጠሮዬን የካቲት 24 አስይዛልኛለች፣ ይቺው የምትጽፈው ሴትዮ።

የጥቅምቱን ደብዳቤሽን አብሬ ልኬዋለሁ፣ ፖስታውም የደረሰበት ቀን ማኅተም አለበት። ለፕሮፌሰሯ አሳዪያቸው። መልሰሽ ላኪልኝ ግን፣ የእኔ ነው።

አጎትሽ


የካቲት 20

ጋሼ፣

ሠላሳ አራት። ሠላሳ ስድስት። ሠላሳ አምስት።

ሦስት ጊዜ ሠራሁት፣ ሦስቱም ቀይ እንደሆኑ ወጡ። ሦስተኛውን ፕሮፌሰሯ ራሳቸው በጉጠት አወጡት፣ የእኔ እጅ እንዳይነካው። ሲለካ መለኪያው ክፍል ውስጥ አምስት ሰው ነበር። ቁጥሩ ሲወጣ ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ይቅርታ አድርጊልኝ" አሉኝ፣ ሁሉም እየሰማ።

ዘጠኙን ጊዜ ማብረዱን ለምን አልጠረጠርሽም ብለው ቢጠይቁኝ፣ መልሴ ያሳፍራል። አሻሽዬዋለሁ ያልኩትን ነገር መጠርጠር አልመጣልኝም። ጓንቴን እንጂ ዱቄቱን አላሰብኩትም ነበር። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው፤ ያፈርኩበትን መስመር ደብተሬ ላይ ብጽፈው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም። ስለዚህ ጥፋቱን ለብቻዎ አይውሰዱት፣ እኩል እንካፈላለን።

ደቂቃን ጠየቅሁት። "አዎ፣ ቀይ ሆና ነው ያወጣሻት፤ እንዲያውም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸቶኝ ነበር" አለ። ለምን እስካሁን አልተናገርክም ስለው "ማን ጠየቀኝ?" አለኝ።

ፕሮፌሰሯ ምክንያቱን ሰሌዳ ላይ ሳሉልን። ዱቄቱ ውስጥ ብረቱና ማግኒዥየሙ ሁለት ዓይነት ወንበር አላቸው። ሙቀት ሲበረታባቸው ተነስተው ቦታ ይቀያየራሉ። ቀስ ብሎ ከበረደ አብዛኞቹ ወደ ለመዱት ወንበር ይመለሳሉ። በድንገት ከበረደ ግን በተቀያየሩበት ይቀራሉ፣ ማግኔትነቱ የሚበረታውም ያኔ ነው። ነገሩ በመጻሕፍት የሌለ አይደለም አሉ፤ ሁላችንም ስለ ማሞቅ ስንጨነቅ ስለ ማብረድ የጠየቀ ሰው ጠፍቶ ነው። "ማብረድ ግማሹ ነው" የሚለው የእርስዎ ቃል አሁን እቶኑ በር ላይ ተለጥፏል። እንቁላሏ ቀስ በቀስ በእግሯ ትሄዳለች ያሉኝን ግን አልለጠፍኩትም፣ የእኔዋ እንቁላል ዘጠኝ ሳምንት ሄዳ የትም አልደረሰችም።

ጉባኤው ቦታዬን አጸናልኝ። የሚቀጥለው ዓመት ሥራዬ በምን ያህል ፍጥነት ሲበርድ ምን ያህል እንደሚበረታ መለካት ነው።

የጥቅምቱን ደብዳቤ መልሼ ልኬዋለሁ፣ ቅጂው ደብተሬ ውስጥ ገብቷል። በትንሽ ብልቃጥ ከዱቄቱ በውኃ አድርጌ አሽጌ፣ ከማግኔት ጋር ልኬልዎታለሁ። የሚያዩት በየካቲት 24 ማግስት ነው። ቃል ገብተዋል። እኔ የድርሻዬን አድርጌአለሁ፣ ከዚህ በኋላ ፈሪው እርስዎ ነዎት።

ሚጢጢ


መጋቢት 9

ሚጢጢ፣

ይህን የምጽፈው እኔ ራሴ ነኝ። ልብስ ሰፊዋ አጠገቤ ተቀምጣ "መስመሩን ሳትክ" ትላለች፤ አትስሚያት፣ ከእሷ ስፌት የተሻለ ቀጥ ብሏል።

ቀኝ ዓይኔ ተከፍቷል። ግራው በሚቀጥለው ወር ነው። ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት የሐኪሙን ቁልፍ ነው፣ ከላይ ሁለተኛው ሊበጠስ ደርሷል፤ ነገርኩት። ቤት ስገባ ጥቁር ነው ብዬ ዓመቱን ሙሉ የለበስኩት ሸሚዝ ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ። ልብስ ሰፊዋንም አየኋትና "አርጅተሻል" ብላት ሁለት ቀን ሳትመጣ ቀረች። ሐኪሙ ያለ ጥቁር መነጽር እሳት እንዳላይ ከልክሎኛል። ፋብሪካ ሄጄ በመነጽሩ አየሁት። ስክሪኑ ትክክል ነበር፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ለወጣቶቹም ይህንኑ ነገርኳቸው።

ብልቃጥሽን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ማግኔቱን አስጠጋሁበት። ቡናማው ሁሉ ከውኃው ተለይቶ ወደ ጣቴ መጣ። ማግኔቱን ወደ ላይ ሳወጣው ተከተለኝ፣ ሳወርደው ወረደ። ግማሽ ቀን በዚህ ስጫወት ውዬ ምሳዬን ረሳሁ። ያቺን የምታህል ነገር ለማየት ዓይን በማግኘቴ ተደስቻለሁ።

ከዚያ የሸሚዝ ካርቶኑን አወረድኩ። ደብዳቤዎችሽን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ በራሴ ዓይን አነበብኳቸው። የጥር 25ቱ ሁለት ገጽ ነው፤ እኔ የሰማሁት አንዱን ብቻ ነበር። ሌላውን ገጽ ሳወጣ ልብስ ሰፊዋ መቀሷን ፍለጋ ተነስታ ብዙ ቆየች።

አነበብኩት፣ ልጄ። አለቀስኩም፤ ሐኪሙ አታልቅስ ብሎኝ ነበር። እንዲከሽፍልሽ የተመኘሽበትን ቀን አትፈሪው፣ እፍረትም አይሰማሽ። እኔም የማልነግርሽ ነበረኝ። ሐኪሙን ያስጠበቅሁት ፈርቼ ብቻ አልነበረም። ዓይኔ ከጠፋ አንቺ ትመጫለሽ፣ ከዳነ ግን እዚያው ትቀሪያለሽ የሚል ሐሳብ አንድ ሁለቴ አልፎብኛል። አፍሬበት ለማንም አልተናገርኩትም። አሁን አንቺም ያፈርሽበትን ስለጻፍሽ እኔም ጻፍኩት።

ዓይን እሆንለታለሁ ብለሻል። ዓይን አለኝ። በዕረፍትሽ ነዪ፣ ናፍቀሽኛል፤ ስትመጪ ግን እንግዳ ሆነሽ ነዪ። ከዚያ ተመልሰሽ ወደ ሥራሽ ሂጂ። ጥቅምት ላይ ያስገባሁሽን ቃል መልሼልሻለሁ፣ እቶንሽን በትኩሱ ክፈቺ።

ጓንትሽን ግን አድርጊ።

አጎትሽ